እራት ያላቋረጠው ጨዋታ

ሽማግሌውን በሠፈሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ስለወጡ፣ ትልቁም ትንሹም "ጋሽ አስራ ሰባት" ነው የሚላቸው። ሌላ መስመር ነድተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አለቆቻቸው ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ ሊመድቧቸው ቢሞክሩ፣ "ወገቤን" ብለው ተኙ፤ አስራ ሰባት ቁጥር ሲመለስላቸው ወገባቸው በማግስቱ ዳነ። "ሃያ ሦስት ቁጥር እኮ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚታጠፈው፤ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ እየታጠፈ እንዴት ጤና ያገኛል?" ይላሉ ዛሬም ድረስ፣ የጠየቃቸው ሳይኖር።

ልጃቸው መጋረጃ ሰፊ ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲንጎራደዱ ማየት አንጀቷ አልችል ቢላት፣ "አባዬ፣ ና እኛ ጋ ሁን" አለቻቸው። አንድ ሻንጣና አንድ የቼዝ ሰሌዳ ይዘው መጡ። የስፌት ማሽኗ የነበረበት ክፍል የእሳቸው ሆነ፣ ማሽኑ ኮሪደር ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እሷም ተጠቅማለች። ትንሿን ልጇን ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሱላት፣ ከሰዓት የሚያመጡላት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ወደ መጋረጃ ቤቱ ሥራዋ መመለስ የማይታሰብ ነበር። ትንሿም ብትሆን አያቷን የምትቆጥራቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አውቶቡስ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ወጥታ "ወራጅ አለ" ካላለች አትወርድም።

የሰፊዋ ባል ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥፋት ሠራ ከተባለ፣ አማቱ ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ "አባባ፣ እስቲ ይቺን ጨዋታ ያስተምሩኝ" ማለቱ ነው።

አስራ ሰባት ቼዝ የሚያስተምሩት በሚያውቁት ነገር ነው። የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት ሲራመድ "ከጋራዥ ወጣን" ይላሉ። አንደኛው ፈረስ ሲወጣ "ገበያው"፣ ሁለተኛው ሲከተል "ጤና ጣቢያው"። ጳጳሱ ሲመጣ "ድልድዩ"። ንጉሡ ሄዶ ከግንቡ ጎን ሲሸሸግ "ትምህርት ቤቱ"። ከዚያ አንድ ወታደር ትንሽ ፈቀቅ ይልና "ወፍጮ ቤቱ" ይሆናል፤ በመጨረሻም ሁለተኛው ጳጳስ ወጥቶ የባላጋራውን ፈረስ ከንግሥቲቱ ጋር ሰንጎ ሲይዝ "መጨረሻ ፌርማታ" ይባላል። ነጩ የሚያደርገውን ጥቁሩ እንዳለ ይደግመዋል። ከላይ ለሚያያቸው ሰሌዳው መሃል መስታወት የቆመ ይመስላል።

ፍሪጅ ጠጋኙ የተማረው ይህንኑ ነው። ሌላ መክፈቻ መኖሩን የሰማው ቆይቶ ነው። ሲጠይቃቸውም "አለ ይባላል። ሃያ ሦስት ቁጥርም አለ" አሉት።

ታዲያ ፌርማታ ካለ ተሳፋሪ አለ፣ ተሳፋሪ ካለ ወሬ አለ። ማታ ማታ ፍሪጅ ጠጋኙ ከሥራ ገብቶ እጁን እንደታጠበ ሰሌዳው ይዘረጋል።

"ገበያው" ይላሉ አስራ ሰባት ፈረሳቸውን እያወጡ። "እዚህ ጋ አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ አውራ ዶሮ ታቅፋ ገባች።"

"ነግረውኛል አባባ። መሪው ላይ የቆመው ዶሮ።"

"መሪው ላይ የቆመው ሌላ ዶሮ ነው። ይሄኛው የትኬት ቆራጯ ቦርሳ ውስጥ የገባው ነው።"

"እሱንም ነግረውኛል።"

"ታዲያ ዶሮው ምን አለ?"

"ዶሮ ምን ይላል አባባ?"

"አየህ፣ አልነገርኩህም" ይሉና ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

ጤና ጣቢያው ላይ አውቶቡስ ውስጥ ልትወልድ የነበረች ነፍሰ ጡር አለች። ድልድዩ ላይ ጎርፍ አለ። ትምህርት ቤቱ ላይማ ተማሪው ብዙ ስለሆነ ታሪኩም ብዙ ነው። እንዲህ ሲባል መጨረሻ ፌርማታ የሚደርሱት እራት ሲደርስ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጨርቅ የሚቆረጠውም፣ እራት የሚበላውም፣ ጦርነት የሚካሄደውም እሱ ላይ ነው። ሰፊዋ ድስቱን በጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች።

"ጠረጴዛውን ልቀቁልኝ፣ እጄ ተቃጠለ።"

"እራትሽ አዳነው" ይላሉ አስራ ሰባት ሰሌዳውን እያነሱ።

"ማንን? እኔን ነው?" ይላል ፍሪጅ ጠጋኙ ሳህን እየደረደረ። "ሁለት እርምጃ ቢቀረኝ ነው እኮ።"

"ሁለት እርምጃማ ይቀርሃል፤ ወደ ገደሉ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ። እርስ በርስ ሲጫወቱ አንድም ቀን ጨርሰው አያውቁም። ስላልጨረሱም ሁለቱም አሸናፊ ነበሩ። ሰፊዋ ፈረስ ከጳጳስ ባትለይም፣ ይህ አሠራር ቤት እንደሚያቆም ግን ታውቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ወጡ ደርሶ እያለ ቆማ ትጠብቃለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሁለቱ ድምፅ ከፍ ሲል ከሰማች ሳይበስል ታወጣዋለች።

ነገሩን ያበላሸው ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይኖራል። አንድ ቀን እራት ላይ ተገኘና፣ አፉ ሥራ ፈትቶበት፣ "ለመሆኑ ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?" አለ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ፍሪጅ ጠጋኙ ግን ሾርባው ጣፍጦት ልቡ ክፍት ብሎ ኖሮ፣ "እኔ እንኳን አባባን አክብሬ ነው እንጂ…" አለና ዳቦውን ነከሰ።

አስራ ሰባት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አክብረህ ምን?"

"ማለቴ አባባ…"

"አክብረህ ነው ሁለት ዓመት የተሸነፍክልኝ?"

"አይ፣ አልተሸነፍኩም እኮ።"

"አላሸነፍክም፣ አልተሸነፍክም። ታዲያ አክብረህ ምን ሆንክ?"

ትንሿ በዚህ መሃል "ወራጅ አለ" ብላ ከወንበሯ ወረደች። የሳቀ ግን አልነበረም።

ይህ በሆነ በሳምንቱ የወጣቶች ማዕከሉ ግድግዳ ላይ የቼዝ ውድድር ማስታወቂያ ተለጠፈ። በነጋታው አባትም ባልም በየተራ "ዳቦ ገዝቼ ልምጣ" ብለው ወጡ። ሁለቱም መመዝገቢያው ፊት ተገናኙ። ሁለቱም ዳቦ ሳይዙ ተመለሱ።

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። በየእሁዱ አንድ ጨዋታ፤ ያሸነፈ አንድ ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ ባዶ። ከዚያ ነጥባቸው የተቀራረበ ሰዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው እሁድ አባትም ባልም ተሸነፉ። በሁለተኛውም እንዲሁ።

"ምን ሆነህ ነው አባዬ?" ስትል ሰፊዋ ጠየቀች።

"ባላጋራዬ መስመሩን አያውቅም። ጤና ጣቢያው ጋ መታጠፍ ሲገባው ሜዳውን አቋርጦ ገባብኝ። እንዲህ ዓይነቱን መንጃ ፈቃዱን መንጠቅ ነው።"

ባሏም ከዚህ የተለየ ነገር አልተናገረም። "ጥሩ ይዤ ነበር፤ ሰውዬው ከድልድዩ በፊት ንግሥቲቱን አወጣ። ማን ከድልድዩ በፊት ንግሥት ያወጣል?"

ባዶ ነጥብ ያለው ከባዶ ነጥብ ጋር ስለሚገናኝ፣ ለሦስተኛው እሁድ ዳኛው ስም ሲያነብ ሁለቱን አንድ ላይ ጠራቸው። ከሁሉም ግርጌ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጨረሻ ማን መጨረሻ እንደሆነ ሊለዩ ነው። ዓለም ዋንጫ ቢሆን እንኳ እንደዚያ አያከብዱትም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሰሌዳው አልተዘረጋም። አስራ ሰባት ስልካቸውን አውጥተው ለወንድ ልጃቸው ደወሉ።

"የፊታችን እሁድ ማታ መኪናህን ይዘህ ና።"

"ለምን አባዬ?"

"ምናልባት።" ስልኩን ዘጉና ወደ ሰፊዋ ዞሩ። "ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጄ። በዚህ ልጅ ከተሸነፍኩ ያንኑ ቀን ማታ ወንድምሽ ጋ ነኝ። ተሸንፌ በሰው ቤት ሾርባ አልጠጣም።"

"እኔ ብሸነፍስ የት ልሂድ?" አለ ባሏ ከወጥ ቤት። "ቤቱ የኔ ነው።"

"እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።"

ሰፊዋ አባቷን ታውቃቸዋለች። አውቶቡሱን ካስነሱ በኋላ ሚኒስትርም ቢሮጥ በር የማይከፍቱ ሰው ናቸው። ያሉትን ያደርጋሉ። ወንድሟ ጋ ትርፍ ክፍል አለ፣ ሚስቱም ደግ ናት። ግን እዚያ ልጆቹ አድገው ሁሉም በየስልኩ ተደፍቶ ነው የሚውለው፤ አባቷ ዶሮዎቻቸውን ለማን ሊያወሩ ነው? የእሷስ ትንሽ ልጅ ከማን ጀርባ ትወርዳለች? ሥራዋንም አሰበች። ማሰቧ አላሳፈራትም፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ መጀመሪያ አባቷን ያዘች። ትንሿን ጫማ ሲያስሩላት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"አባዬ፣ ቼዝ ላይ እኩል መውጣት የሚባል ነገር የለም እንዴ?"

"አለ። አንዱ 'እኩል ይሁን' ብሎ ይለምናል፣ ሌላው ይፈቅዳል።"

"ታዲያ ለምን አትጠይቀውም?"

"ለማኝ ነኝ?"

"እሱ ቢጠይቅህስ?"

አስራ ሰባት ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉ። "እሱ ከለመነኝ አስብበታለሁ። ቶሎ ግን አልመልስለትም። ትንሽ ይጠብቅ።"

ማታ ደግሞ ባሏን ኮሪደር ላይ፣ ማሽኗ አጠገብ አቆመችው።

"እሳቸው ከጠየቁኝ በደስታ" አለ ፍሪጅ ጠጋኙ።

"አንተ ለምን አትጠይቅም?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ 'እራት አዳነህ' ሲሉኝ ኖረዋል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እስከ መጨረሻው ልየው።"

"መጨረሻውማ ይታወቃል። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ነው።"

 ባሏ የተበላሸ ፍሪጅ ጀርባ ሲያይ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱን አዘነበለ። "እሳቸው ቢሄዱ እኔም አልወድም። ግን ሆን ብዬ ልሸነፍ? ያውቁብኛል። 'አክብረህ ነው' ይሉኛል እንደገና።"

"ተሸነፍ አላልኩም። አንዱ መጋረጃ ካጠረ ሌላውን ቆርጠህ ታስተካክላለህ።"

"ያኔ ሁለቱም ያጥራሉ።"

"ይጠሩ። መስኮት ይሸፍናሉ አይደል?"

"በመጋረጃ ቢሆን ኖሮማ ካንቺ ጋር ነበር የምጫወተው" አለና ሊተኛ ገባ። እሷም ሁለት በቅሎ አንድ ላይ ጠምዳ እንደቀረች ገበሬ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የሞላበት ሰፊ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ "ዝምታ" ተብሎ ተጽፏል። ዳኛው መነፅር ያደረገ ወጣት የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ሲራመድ ጫማው እንዳይጮህ በጣቱ ነው የሚሄደው። ሰፊዋ ትንሿን ታቅፋ ከግርጌው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቦታ ያዘች። ብስኩት ሰጠቻት፤ ለአፏ መዝጊያ።

ነጭ የደረሳቸው አስራ ሰባት ናቸው። ወታደራቸውን ሁለት ቤት ገፉና፣ "ከጋራዥ…" ሲሉ ዳኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ዝምታ ነው ጋሼ።"

"መነሳታችንን ልናገር ብዬ ነው።"

"አይነገርም።"

እዚህ ላይ ነው ማንም ያላሰበው ነገር የመጣው። ፌርማታው አለ፣ ተሳፋሪ ግን የለም። ገበያው ላይ ዶሮ አልገባም። ጤና ጣቢያው ላይ ማንም አላማጠም። ድልድዩን ያለ ጎርፍ ተሻገሩ፣ ትምህርት ቤቱን ባዶውን አለፉ። ቤት ውስጥ ማታውን ሙሉ የሚፈጀው መንገድ፣ ትንሿ አንዷን ብስኩት ሳትጨርስ አለቀ። መጨረሻ ፌርማታ ደርሰው ቆሙ።

አስራ ሰባት ሰሌዳውን አዩ። ፍሪጅ ጠጋኙ ሰሌዳውን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የጨዋታ ሰዓት ይቆጥራል። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ከሁለቱ አንዳቸውም እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ሌላ ጊዜ እዚህ ሲደርሱ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉና ልጃቸውን አዩዋት። ወዲያው ባሏም ዞሮ አያት።

ሰፊዋ መጀመሪያ ግራ ገባት። ልብሴ ላይ ብስኩት ፈሰሰ እንዴ ብላ ራሷን ፈተሸች። ከዚያ ገባት። ድስቱን ነው የሚጠብቁት። ሁለቱም ሳይታወቃቸው እሷ "ጠረጴዛውን ልቀቁልኝ" እስክትል እየጠበቁ ነው። ምን ታድርግ? ባዶ መዳፏን ከፍታ አሳየቻቸው። ሁለቱም እንደተቀጣ ተማሪ ወደ ሰሌዳው ተመለሱ።

ዳኛው ይህን ሁሉ አይቷል። ጥቅሻ መሰለው። በጣቱ እየሄደ መጣና ተጫዋች ሁሉ እርምጃውን የሚጽፍበትን ወረቀት አነሳ። በቁጥርና በፊደል መጻፍ ሲገባው፣ የአስራ ሰባት ወረቀት ላይ "ጋራዥ፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት" የሚል ሰፍሯል። የሌላኛውን አነሳ። "ጋራዥ፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት።"

"ጋሼ" አለ በሹክሹክታ፣ "'ወፍጮ ቤት' ምን ማለት ነው?"

"ወፍጮ ቤት ነዋ። እህል የሚፈጭበት።"

"ይሄ ምስጢራዊ ቋንቋ ነው እንዴ? ዝምድና አላችሁ?"

"የልጄ ባል ነው።"

"እንግዲህ ተመካክራችሁ አቻ ልትወጡ ከሆነ ሁለታችሁንም ባዶ ነው የምጽፋችሁ።"

አስራ ሰባት ብድግ አሉ። "እኔ? ከዚህ ጋር? ከዚህ ልጅ ጋር ነው የምመካከረው? ሠፈሩን ጠይቅ።"

"ለመስማማትማ እሷ ለምናን አልሆነላትም" አለ ፍሪጅ ጠጋኙ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ።

አዳራሹ በሙሉ ሰፊዋን አያት። ትንሿን ከፍ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችባት።

"በሾርባ መሃል የሰደበኝ ሰው ነው" አሉ አስራ ሰባት ለዳኛው።

"አልሰደብኩም። አከብራለሁ ነው ያልኩት።"

"ሰማኸው? ደገመው።"

ዳኛው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። እንዲህ የሚጣሉ ሰዎች ሊመካከሩ እንደማይችሉ ገባውና "ከዚህ በኋላ በሥርዓት ጻፉ" ብሎ አስቀመጣቸው። ግን አልራቀም።

አስራ ሰባት ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከመጨረሻ ፌርማታ በኋላ አውቶቡስ ምን ያደርጋል? ዞሮ ይመለሳል። ግንባቸውን አንድ ቤት ወደ ጎን አስኬዱ። ፍሪጅ ጠጋኙም የራሱን ግንብ አንድ ቤት ወደ ጎን አስኬደ። ሽማግሌው መለሱት። እሱም መለሰ። እንደገና አስኬዱ፤ አስኬደ። መለሱ፤ መለሰ።

"የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ" አሉ ከሰፊዋ አጠገብ የተቀመጡት የማዕከሉ ዘበኛ፣ በለሆሳስ።

"ምን እየሆኑ ነው ጋሼ?"

"አንዱም መንቀሳቀስ ፈርቷል፣ እህቴ። ቀድሞ የወጣ ይመታል ብለው። አሁን ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ከሁለት አንዳቸው 'ሦስት ጊዜ ተደግሟል' ብለው ዳኛውን ቢጠይቁ አቻ ነው። አንድ ቃል ነው የሚበቃቸው።"

ሰፊዋ ትንሿን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አንድ ቃል። ይህቺ ቃል ከአንዱ አፍ ብትወጣ ማታ ሻንጣ የሚያነሳ የለም። የአባቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዳኛው ጎንበስ አለ። እሷም ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

"ውሃ አለ?" አሉ አስራ ሰባት።

ውሃ መጣ። ጠጡ። ግንባቸውን አስኬዱ። ፍሪጅ ጠጋኙም፣ ጭንቅላቱን እንዳዘነበለ፣ አስኬደ። መለሱ፤ መለሰ። አራተኛ ጊዜ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱና ፈረሱ ላይ አንዣበቡ።  ፈረሱ ራስ ላይ ዝንብ ነበረች፤ እሽ አሏትና ግንባቸውን አስኬዱ። ባሏ አስኬደ። መለሱ። መለሰ።

ዳኛው እጁን ሰደደና ሰዓቱን አቆመ። "አለቀ። አቻ።"

"ማን ጠየቀ?" አሉ አስራ ሰባት።

"ማንም አልጠየቀም። አምስት ጊዜ ከተደገመ ማንም ሳይጠይቅ ዳኛው ያቆመዋል። ሕግ ነው።"

"እኔ እንዳልጠየቅኩ ይጻፍልኝ።"

"የእኔም ይጻፍልኝ" አለ ፍሪጅ ጠጋኙ።

ዳኛው ልቡ ደግ ስለነበር ነው እንጂ ሰሌዳውን ሰብስቦ መሄድ ይችል ነበር። ጎንበስ ብሎ የነጩን ፈረስ በጣቱ ነካ። "ጋሼ፣ ይህን ፈረስ መሃል ላይ ቢያስገቡት እኮ የጥቁሩ ንጉሥ አጥር ይፈርስ ነበር። አንተም ብትሆን፣ እሳቸው ግንብ ሲያመላልሱ በራስህ ፈረስ ልትቀድማቸው ትችል ነበር። ሁለታችሁም ስንት ጊዜ አሸንፋችሁ ነበር መሰላችሁ።"

"አይቼዋለሁ" አሉ አስራ ሰባት።

"እኔም አይቼዋለሁ" አለ ፍሪጅ ጠጋኙ።

መንገድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ከዚያ የሾርባ ቀን ወዲህ ጎን ለጎን ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። ያማረራቸውም አንድ ሰው ነው።

"ምናለበት ትንሽ ቢታገሠን?" ይላሉ አስራ ሰባት። "ገና መሟሟቄ ነበር።"

"መነፅሩን አላዩትም አባባ? እዚያ ዕድሜ ላይ እንዲህ ዓይነት መነፅር። ምኑን ያያል?"

"'ወፍጮ ቤት ምንድነው' ይለኛል። የት ነው ያደገው?"

በራቸው ላይ ሲደርሱ ወንድሟ መኪናውን ተደግፎ እየጠበቀ ነው። የኋላውን ሻንጣ መጫኛ ከፍቶታል።

"እህስ? ማን አሸነፈ?"

"አቻ ነው" አለች ሰፊዋ።

"አቻ ሲሆን ምን ነበር የተባለው? ልውሰዳቸው ወይስ ልመለስ?"

ሁሉም አስራ ሰባትን አዩ። ሽማግሌው ስለዚህ አላሰቡም ነበር። "ያልኩት 'ከተሸነፍኩ' ነው" አሉ። "አልተሸነፍኩም።" ሐቀኛ ሰው ናቸው። "አላሸነፍኩምም።"

"ግማሽ ነጥብ ነው ማለት ነው" አለ ወንድሟ፣ ነጋዴ ነውና። "እንግዲያው ግማሹን ሳምንት እኔ ጋ፣ ግማሹን እዚህ።"

አስራ ሰባት ነገሩን ከምር ያዙት። "ረቡዕ ጠዋት ነው ረቡዕ ማታ የሚቀየረው?"

ፍሪጅ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባባ፣ ለእኔ ከሆነ…" አለና ቀሪውን ዋጠው። ሰፊዋ ይህ ነገር እንዲህ ከቀጠለ ሌላ ዳኛ እንደሚያስፈልገው ታያት። ማንም ሳይጠይቅ የሚያቆም ዳኛ።

"አባዬ፣ ነገ ጠዋት ልጅቷን ማን ነው የሚያደርሳት?"

"እኔ ነኛ። ማን ሊያደርሳት ኖሯል?"

"ሐሙስስ?"

"ሐሙስም እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ አለቀ። ወንድሜ፣ ያንን የመኪና ክዳን ዝጋውና እራት በልተህ ሂድ።"

ወንድሟ ዘጋው።  ባሏ በሩን ከፍቶ አማቱን አሳለፋቸው፤ እሳቸውም "ግባ፣ ግባ፣ ቤቱ ያንተ አይደል?" ብለው ቀድመው ገቡ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሰፊዋ ሽንኩርት ስትከትፍ አባቷ ከኋላዋ መጡ። በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ዳኛው ያለውን እርምጃ እኔ አይቼው ነበር።"

"ነግረኸው የለ አባዬ?"

"ካንጀቴ ነው የምልሽ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አይቼዋለሁ። ተውኩት።"

"ለምን?"

"ሰው ቤት ተቀምጠሽ ባለቤቱን አሸንፈሽ፣ ከዚያ እሱ የገዛውን ዳቦ ትቆርሺያለሽ? ነውር ነው።" ጨው ማስቀመጫውንና ሁለት ብርጭቆ መክተፊያው አጠገብ ደረደሩ። "ተመልከች። ይሄ ጳጳሱ ነው። እንዲህ አድርጎ በአግድም ይመጣና፣ ይሄን ይበላና፣ ንጉሡ በቃው።"

ሰፊዋ ቢላዋዋን አቆመች። ቼዝ አታውቅም፤ ግን ዓይን አላት። ዳኛው ጣቱን ያሳረፈው ጆሮ ያለው፣ አንገቱ ቆልመም ያለው ዕቃ ላይ ነበር። ፈረሱ ላይ። አባቷ ያዩት ነገር አልነበረም።

የአባቷን ፊት አየችው። አንድ ትልቅ ደግነት እንደሠራ ሰው በርቷል። ይህን ደግነት ይዘው በዚህ ቤት ብዙ ዓመት ሊኖሩበት እንደሆነ ገባት።

"ደግ አደረግክ አባዬ" አለች።

"ይኸው ነው እንግዲህ።" ጨውን ወደ ቦታው መለሱ፣ በሩ ጋ ደርሰውም ዞር አሉ። "እሱ ግን አይስማ።"

"አልነግረውም።"

አስራ ሰባት ትንሽ አሰቡ።

"አትንገሪው" አሉ። "ግን እንዳያውቅም አታድርጊ።"